ከኋላዬ ሁኚ

ጥቅምት 9

ይድረስ ለእህቴ፣

ሰላምታዬ ከነናፍቆቴ ይድረስሽ፤ ለባልሽም፣ ለእሾህም። የልጅሽን የቤት ስም ያወጣሁት እኔ ስለሆንኩ፣ ቢከፋትም ባይከፋትም እሾህ ብዬ ነው የምጠራት። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ጠርዙ ላይ የደም ነጠብጣብ ነበረበት። የባለ ሉካንዳ ሚስት ደብዳቤ መሆኑ ያስታውቃል ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።

ወደ ጥያቄሽ ልግባ። "እውነቱን ንገረኝ እንጂ እንዳታባብለኝ" ብለሻል። እዚህ ኮሌጅ ሒሳብ ሳስተምርና በየዓመቱ የአመልካቾችን ፋይል ሳነብ ፀጉሬ ሸብቷል፤ ስለዚህ የምነግርሽን እመኚኝ። ልጅሽ ከትምህርት ቤቷ አንደኛ ናት። ጎሽ! ግን እዚህ የሚያመለክተው ሁሉ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ነው። አንደኞች አንደኞችን የሚጋፉበት በር ነው። ከአሥሩ አንዱ ይገባል፣ የቀሩት ከነሜዳሊያቸው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። የእሾህ ሒሳብና ፊዚክስ እንከን የለውም። ያንን ይዛ እስከ ቃለ መጠይቁ መድረሷን አልጠራጠርም። ከዚያ በኋላ ያለውን የሚወስነው ግን ውጤት አይደለም፤ ጠባይ ነው። የርዕሰ መምህሩ አስተያየት ምን እንደሚል ጻፊልኝ።

እኔ ግን ልረዳት አልችልም። የዘመድ ፋይል ሲነበብ ወጥቶ ኮሪደር ላይ መቆም ደንባችን ነው።

አንድ ነገር አልገባኝም። እዚያው ከተማችሁ ያለው ኮሌጅ ምን አጠፋ? ያለ ጥርጥር ይቀበላታል፤ ከቤቷም እየተመላለሰች ትማራለች። ለምን እዚህ ድረስ?

ወንድምሽ

ጥቅምት 28

ለጋሼ፣

እኛ ደህና ነን። አንተስ ወገብህ ተሻለህ? ወንበር ላይ እንደ ዶሮ ሰፍረህ ፋይል ስታነብ ነው የሚያምህ ብዬ ብነግርህ መቼ ትሰማኛለህ።

"ከቤቷ እየተመላለሰች" ላልከው መልሴ አይሆንም ነው። ልጄ ከዚህ ቤት መውጣት አለባት። መኝታ ያለው፣ አጥር ያለው፣ በሩ ላይ ዘበኛ ያለው ትምህርት ቤት ነው የምፈልግላት፤ ያለው ደግሞ የእናንተ ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ ሆድ ይፍጀው። ብቻ እዚህ ከቀረች አንድ ቀን ወይ ትሞታለች ወይ ትገድላለች። ይህን ስጽፍ እየቀለድኩ እንዳይመስልህ።

ርዕሰ መምህሩ "ጎበዝ ተማሪ ናት፤ ነገር ግን እጇ ከአፏ ይቀድማል" ብሎ ጽፏል። ዘጠነኛ ክፍል እያለች የአንዱን አፍንጫ ሰብራለች። ልጁ ጓደኛዋን ደረጃ ላይ በፀጉሯ እየጎተተ ነበር። ለእኔ ደግ አደረገች። ለእናንተ ግን እንዴት እንደሚታይ አላውቅም።

እዚህ ያለው ወሬ ይኸው ነው። ባለፈው ሳምንት የእኔው ሰውዬ ተቆጥቶ የቢላ መሳያውን ብረት ወረወረና ሠራተኛውን ጀርባውን አለው። ሠራተኛው ሽርጡን እዚያው መንጠቆ ላይ ሰቅሎ ወጣ፤ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ እሾህ ከትምህርት ቤት መልስ የሥጋ መቁረጫው ግንድ ጋ ቆማ አጥንት ትቆርጣለች። ደንበኛ ሲጠፋ የሥጋ መጠቅለያው ወረቀት ላይ ሒሳቧን ትሠራለች።

ከእንግዲህ በሱቁ አድራሻ አትጻፍልኝ። ባንኮኒው እርጥብ ስለሆነ ወረቀት ይበላሻል። ከፊት ለፊታችን ባለችው ልብስ ሰፊ በኩል ላክልኝ። ስልክም አትደውል፤ ስልኩ እሱ ኪስ ውስጥ ነው የሚውለው።

እህትህ

ኅዳር 17

ይድረስ ለእህቴ፣

አፍንጫ መስበሯን ሳነብ በአንድ በኩል አዘንኩ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ኮራሁ፤ የአባታችን ልጅ ልጅ አይደለች! ኮሚቴው ግን እንደኔ አይኮራም። እንዳትደብቁት፤ የተደበቀ ነገር ከተገኘ ፋይሉ እዚያው ይዘጋል። የፊዚክስ መምህሯ ምን እንደተፈጠረና ለምን እንደመታችው አስረድቶ ይጻፍላት። ዕድሏ ከአሥር አንድ ነበር ካልን፣ አሁን ግማሹ ሄዷል። በቃለ መጠይቁ ረጋ ብላ ከታየች ግን የሄደው ሁሉ ይመለሳል።

ስለ ቃለ መጠይቁ ልነግርሽ የማይገባኝን ልንገርሽ። ሆን ብለን እናስቆጣቸዋለን። ተማሪው ትክክለኛ መልስ ይሰጣል፤ አንዱ መምህር "ስህተት ነው!" ብሎ ይጮህበታል። መልሱን ሳይጮህ የሚከላከል እሱ ያልፋል፤ የሚሳደብ ወይም መልሱን የሚቀይር ይወድቃል። ሌላም አለ፤ እሱን ግን የኮሚቴው ምስጢር ስለሆነ አልነግርሽም።

ስለዚህ ጩኸት አለማምዷት። ባልሽ ድምፁ እንደ ከበሮ ነው፤ ማታ ማታ እሱ ይጩህባት! በሰርጋችሁ ዕለት ሲዘፍን የጣሪያው ቆርቆሮ ይንቀጠቀጥ እንደነበር አልረሳውም። ቁጡ ቢሆንም ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው፤ ሠራተኛውን ይቅርታ ይጠይቀው በይው።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 8

ለጋሼ፣

እኛ ደህና ነን። ፊደሌ የዶሮ ጭረት የመሰለው በግራ እጄ ስለምጽፍ ነውና እንዳትስቅ። የቀኝ እጄ ጣቶች ላይ የማቀዝቀዣው በር ተዘጋ። ሁለቱ በጀሶ ታስረዋል። ልጅ ሆነንም ከዛፍ የምወድቀው እኔ ነበርኩ አይደል? እንደዚያ ቁጠረው።

የፊዚክስ መምህሯ ጽፎላታል። ጥሩ ሰው ነው። ሲሰጠኝ ጣቶቼን አየና ቀና ብሎ ግድግዳውን ማየት ጀመረ።

ጩኸትን በተመለከተ አታስብ። እሾህ በጩኸት መሐል ተኝታ፣ በጩኸት መሐል አጥንታ ነው አንደኛ የወጣችው። ቢጮሁባት ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች እንጂ ከፍ አታደርግም። ያንን ከማንም በላይ ተለማምዳለች። ልምምድ ያስፈልጋታል ብለህ የጻፍከውን አንብቤ ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። አልተቀየምኩህም፤ ሳታውቅ ነው የጻፍከው።

ይልቅ ያልነገርከኝ ሌላው ነገር ምንድን ነው? እባክህ ንገረኝ ጋሼ።

እህትህ

ጥር 14

ይድረስ ለእህቴ፣

እልል በይ! ለቃለ መጠይቅ ተጠርታለች። ከመጡት ፋይሎች አብዛኞቹ እዚህ ደረጃ ሳይደርሱ ቀርተዋል። እኔ ጋ ታርፋለች፤ አልጋዋን አንጥፌያለሁ። አንቺም አብረሽ ነይ፤ ባልሽ ለጥቂት ቀን ሱቁን ብቻውን ቢይዝ ምን ይለዋል?

የጠየቅሽኝን ነገር ግን ልነግርሽ አልችልም። እስካሁን የነገርኩሽም አብዝቼ ነው። ትንሽ ነገር ናት፤ የአንድ ደቂቃ ትያትር። ማንንም አትጎዳም።

ምን ተቀይመሽ ደብዳቤዬን እንዳቃጠልሽ አልገባኝም። ስንገናኝ ትነግሪኛለሽ።

ወንድምሽ

ጥር 22

ለጋሼ፣

ይህን የምታመጣልህ ራሷ እሾህ ናት። እኔ መምጣት አልችልም። እሷን ለመላክ ያስከፈለኝን እኔ ነኝ የማውቀው።

አንዳንድ ነገር ልንገርህ። ስትቀሰቅሳት ትከሻዋን አትንካ፤ ከሩቅ ሆነህ በስሟ ጥራት። በር በኃይል አትዝጋ። ምግብ ስትበላ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ እንድትቀመጥ ተዋት። ምን ሆነሽ ብለህ አትጠይቃት።

ልብሷን ልብስ ሰፊዋ ናት የሰፋችላት። አምሮባታል፤ አየኋትና አለቀስኩ። ስትወጣ "እማዬ፣ እኔ ስመለስ እዚሁ አገኝሻለሁ አይደል?" አለችኝ። የት እሄዳለሁ ብዬ ሳቅኩባት።

አደራ።

እህትህ

የካቲት 4

ለእህቴ፣

ዛሬ ሰላምታ አልጽፍም። ልጅሽ በሕይወት አለች፣ እኔ ቤት ናት። መዳፏ ተሰፍቷል፤ ሐኪሙ ጣቶቿ አልተጎዱም ብሏል።

እኔ እንደ ደንቡ ኮሪደር ላይ ነበርኩ። የመስታወት ድምፅ ሰማሁ እንጂ ምንም አላየሁም። የሆነውን የነገረችኝ ከጠያቂዎቹ አንዷ የሆነችው የኬሚስትሪ መምህርት ናት፤ በአንቺ ዕድሜ ያለች ሴት። ሌላው ጠያቂ ተማሪዎቹ "በግ" የሚሉት የኮሌጃችን የፊዚክስ መምህር ነበር። ዝንብ እንኳን የማይገድል ሰው ነው። እንዲጮህ የምንመርጠውም ለዚያ ነው።

እሾህ ሰሌዳው ላይ ጥያቄውን ሠራች። በግ "ስህተት ነው!" አላት። "አይደለም" ብላ ከየት እንደተነሳች አሳየችው። ጮኸባት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ደገመችለት። ኬሚስቷ በልቧ "ይቺማ አለፈች" አለች።

ከዚያ የቀረው እኔ ያልነገርኩሽ ነገር ነበር። ጠያቂው ጠረጴዛውን በቡጢ መትቶ፣ ወንበሩን ገፍቶ ይነሳል። ለዓመታት ስናደርገው ኖረናል። አንዳንዱ ይደነግጣል፣ አንዳንዱ ያለቅሳል፣ እኛም ወረቀታችን ላይ ምልክት እናደርጋለን።

በግ ጠረጴዛውን መትቶ ተነሳ። ልጅሽ ከሰሌዳው ጠረጴዛው ጋ እንዴት እንደደረሰች ማንም አላየም። ኬሚስቷን ከነወንበሯ ግድግዳው ድረስ ገፋቻትና ከፊቷ ቆመች። የውሃውን ጆግ አንስታ በግን ግንባሩ ላይ አሳረፈችበት። ጆጉ ተሰባበረ፤ ቅንድቡ ተከፈተ፤ ደሙ ሸሚዙን አልፎ ወለሉ ላይ ወረደ። እሷ የተሰበረውን እጀታ እንደ ቢላ ይዛ፣ ወደ ኋላ ሳትዞር፣ በሕይወቷ አይታት ለማታውቀው ሴት "እማዬ፣ ከኋላዬ ሁኚ" አለቻት።

እህቴ፣ ይህን ቃል ልጅሽ የት ተማረችው?

ከዚያ እንደ መንቃት አለች። ተንበርክካ ስብርባሪውን በባዶ እጇ መልቀም ጀመረች፤ መዳፏ የተቆረጠው ያኔ ነው። ይቅርታ ስትጠይቅ ስትጠይቅ ቆየችና መጨረሻ ላይ ለበግ "መልሱ ግን ትክክል ነበር" አለችው። እሱም ቅንድቡን በመሐረብ ይዞ "አዎ ልጄ፣ ትክክል ነበር" አላትና ሆስፒታል እስኪደርስ አለቀሰ። ለመምታት የመጣ ሰው መስሏት ያየችበት ዓይን ነው ያስለቀሰው እንጂ ቁስሉ አይደለም።

እሷን ጠየቅኋት። "እማዬን ጠይቃት" አለችኝ። አሁን የግራ እጅሽን ፊደል አውጥቼ እያየሁት ነው። ስልክ አትደውል ያልሽኝን፣ ትከሻዋን አትንካ ያልሽኝን እያነበብኩ ነው። ማታ ማታ ይጩህባት ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እጄን ይቁረጠው!

ንገሪኝ። ከነገርሽኝ ትኬት ቆርጬ መጥቼ ያንን ሰው በገዛ መንጠቆው ላይ እሰቅለዋለሁ።

ወንድምሽ

የካቲት 10

ጋሼ፣

"እኛ ደህና ነን" ብዬ ጀምሬ ነበር፣ ሰረዝኩት።

የመጀመሪያው ደብዳቤዬ ላይ ያየኸው ደም የበሬ አልነበረም። እየጻፍኩ ከአፍንጫዬ የወረደ ነው። የማቀዝቀዣውን በር የዘጋው እሱ ነው፤ እጄ ውስጥ እንዳለ አይቶ ነው የዘጋው። የቢላ መሳያው ብረት የተወረወረው ለሠራተኛው አልነበረም። ሰውየው ለእኔ ሲወረውር ድሃው መሐል ገባ። የወጣውም ተናዶ አይደለም፣ አፍሮ ነው። "እመቤቴ፣ ነገ ብመጣ አንዱን ገድዬ እታሰራለሁ" አለኝ።

አንተ የምታውቀው የሰርጉን ዘፋኝ ነው። የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ ሲባል አልሰማህም? ደንበኛ ሲገባ ይስቃል፣ ይመርቃል፣ ለልጆች ጉበት ይቆርሳል። ደንበኞቹም ያውቃሉ። ከንፈሬ አብጦ ሥጋ ስመዝን ዓይናቸውን ሚዛኑ ላይ ተክለው "አጥንት አታብዢብኝ" ይሉኛል። ስንት ዓመት ሙሉ ሰው ከአጥንት ሌላ የሚያሳስበው ነገር ይጠፋል ጋሼ?

እሾህ ትንሽ ሆና አልጋ ሥር እደብቃት ነበር። ስታድግ መደበቁን ትታ ከፊቴ መቆም ጀመረች። የሚደርስብኝ ሁሉ እሷ ላይ እንዳይደርስ ብዬ እንድትሄድ ስለምንህ የነበረው ለዚህ ነው። አንተ ጠረጴዛውን ደበቅከኝ፣ እኔ ቡጢውን ደበቅሁህ፤ ልጄ መሐል ገብታ ተቆረጠች። ማን ማንን ይቅርታ እንደሚጠይቅ አላውቅም። አንተም ይቅር በለኝ፤ በግ የምትሉትን ሰውም እግሩን ሳሙልኝ።

አትምጣ። እሱ ግድግዳ ሙሉ ቢላ አለው፣ አንተ ያለህ ጠመኔ ነው። አንተን ቀብሬ ደግሞ ማንን ላስቸግር?

አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ዕድሏ አለቀ?

እህትህ

የካቲት 21

ይድረስ ለእህቴ፣

ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ ሻንጣዬን ሸክፌ ነበር። "ከሄድክ እሱ ሲገድልህ እማዬ ጥፋተኛ እኔ ነኝ ትላለች" ብላ በሩ ላይ የቆመችብኝ እሾህ ናት። በር ላይ ስትቆም ደግሞ ማለፍ እንደማይቻል ከበግ ተምሬያለሁ።

ኮሚቴው ተሰበሰበ። እኔ እንደ ልማዴ ኮሪደር ላይ፤ የነገረችኝ ኬሚስቷ ናት። ዲኑ "በጠያቂ ላይ እጁን ያነሳ አይገባም፣ ደንብ ነው" አለ። ኬሚስቷ ተነሳችና "መጀመሪያ እጁን ያነሳው ማን ነው? ጠረጴዛውን የመታነው እኛ አይደለንም?" አለችው። "በሕይወቴ ሰው ከፊቴ ቆሞልኝ አያውቅም፤ ይቺ የማታውቀኝ ልጅ ቆመችልኝ። እናንተ ደግሞ ጠባይዋን ልትለኩ ነው?" ብላ ወረቀቷን ቀደደችው። ከዚያ በግ ከነፋሻው ገብቶ ድምፁን ሰጠ። በአንድ ድምፅ ብልጫ አለፈች። ጠረጴዛ መምታትም ከዚህ ዓመት ጀምሮ ቀረ።

ልጅሽ ገብታለች፣ እህቴ። እልል በይ እንዳልልሽ ግን ሌላ ነገር አለ። የመግቢያ ቅጹን አልፈርምም አለች። እስክሪብቶውን አስያዝኳት፤ መልሳ አስቀመጠችው። "እኔ እዚህ ስተኛ እዚያ ከፊቷ ማን ይቆማል?" አለችኝ። በነገው አውቶቡስ ልትመለስ ነበር፤ በግድ አስቀርቻታለሁ። ቦታው እስከ መጋቢት አሥር ይጠበቅላታል።

ከጥቅምት ጀምሮ ዕድሏን ስትጠይቂኝ ነበር። አሁን ዕድሏ እኔ ጋ የለም፣ ኮሚቴው ጋም የለም። አንቺ እዚያ ቤት እስካለሽ ድረስ እሷ እዚህ አትገባም። ቤቴ ሁለት ክፍል ነው፤ አንዱ ያንቺ ነው።

ወንድምሽ

መጋቢት 3

ጋሼ፣

ደህና አይደለሁም፤ ግን አለሁ። የምጽፍልህ ከልብስ ሰፊዋ ቤት ሆኜ ነው።

ደብዳቤህን ካነበብኩ በኋላ ለቀናት ልውጣ አልውጣ ስል ቆየሁ። ሱቁ ሞልቶ ሳለ ሰውየው "ልጂቱ ወደ ግንዱ የምትመለሰው መቼ ነው?" አለኝ። "አትመለስም" አልኩት። ይቺን ቃል በሰው ፊት ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ግራ እጁን ግንዱ ላይ አስደግፎ ቀኙን አነሳ። እኔ ጎድን እየቆረጥኩ ስለነበር መጥረቢያው በእጄ ነው። ግንዱ ላይ አሳረፍኩት፤ በሌባ ጣቱና በመሐል ጣቱ መካከል። ቆዳው ትንሽ ተላጠ እንጂ ጣቱን አልቆረጥኩትም። ቆርጬው ቢሆን ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽህም።

ቀኝ እጁ ግን ወረደ። ሁለት ጥርሴ ባንኮኒው ላይ ወደቀ። መሬት ላይ ሆኜም ረገጠኝ። ደንበኞቹ እንደ ልማዳቸው ሚዛኑን እያዩ ነበር። ድንገት ግን ልብስ ሰፊዋ ጨርቅ መቁረጫ መቀሷን ይዛ መንገዱን ተሻግራ ገባች። ያቺ ነፋስ የሚወስዳት ሴት! መቀሱን አንገቱ ላይ አድርጋ "አንድ እርምጃ ብትራመድ እንደ ጨርቅ ነው የምተለትልህ" አለችው። ያኔ ነው ከሰልፉ አንድ ሽማግሌ "በቃ፣ ጌታው፣ በቃ" ያሉት። አንዱ ሲናገር ሁሉም አፍ አወጣ፤ የዓመታቱን ሁሉ በአንድ ቀን ጮሁ። ይዘው ጣቢያ ወሰዱት። እኔም ጣቢያ ሄጄ ቃሌን ሰጥቼ ፈረምኩ። አጥንት አታብዢብኝ ስትለኝ የኖረችው ወፍራሟ ደንበኛዬ ምስክር ሆና ፈረመች፤ ስትፈርም ታለቅስ ነበር።

ስንት ቀን እንደሚያስሩት አላውቅም። ስለዚህ እሱ ሳይወጣ ነገ ጠዋት እነሳለሁ። ከሱቁ ያመጣሁት እሾህ ሒሳብ የሠራችባቸውን መጠቅለያ ወረቀቶች ብቻ ነው።

ፊቴን ስታይ እንዳትደነግጥ አስቀድመህ ንገራት። አብጧል፣ ጥርሴም ጎድሏል። እዚያ ቤት ግን ከፊቱ የሚቆምለት የሚያስፈልገው ሰው አልቀረም በላት። እስክሪብቶውን አንስታ ትፈርም፤ እኔም ፈርሜያለሁና።

አውቶቡስ ተራው ስትቀበሉኝ ደግሞ እሾህ ከፊቴ እንዳትቆም። ሻንጣዬን ትያዝልኝና አጠገቤ ትሂድ።

እህትህ